የቫምፓየር ጥርስ፣ የቡዳ ዐይን፦ የተማሪ ቤት ልቦለድና የአንድ ስም ታሪክ



 የታሪክ መምህር ስለ ቫምፓየር ልቦለድ ለመናገር መነሣቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ወደ መድረክ ያመጡት ተማሪዎች ናቸው። በየዓመቱ ስለ እምነትና ስለ ማኅበራዊ ደረጃ ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ በልዩ ልዩ መልክ ይቀርብልኛል፦ «እነርሱ ቫምፓየር አላቸው፤ እኛ ቡዳ አለን። እነርሱ ከቫምፓየራቸው ይህን ሁሉ ልቦለድና ፊልም ሲያወጡ፣ እኛ ስለ አንድ ቡዳ ተማሪ ተከታታይ ልቦለድ የማንጽፈው ለምንድን ነው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ስለ ርስት፣ ስለ ዕደ ጥበብ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ማዕድ ታሪክ ብዙ የሚነግረን ስለሆነ የዛሬውን ገለጻ በእርሱ ላይ መሥርቼዋለሁ።

ልቦለዱ ምን ይላል?

በመጀመሪያ የምንናገርበትን የልቦለድ ዓይነት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለወጣቶች በሚጻፉ ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ታሪክ ተደጋግሞ ይገኛል። ዋናው ገጸ ባሕርይ በትምህርት ቤት የሚማር ወጣት ነው፤ ይህ ወጣት ግን ያለ ደም መኖር የማይችል ቫምፓየር ነው። የኤል. ጄ. ስሚዝ «የቫምፓየር ማስታወሻዎች» መውጣት የጀመረው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁሉም ይበልጥ ዝናን ያተረፈው የስቴፈኒ ሜየር «ትዋይላይት» ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2008 እ.ኤ.አ. አራተኛው ቅጽ ታትሟል። በ2007 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ቅጽ የወጣለት የቭላድሚር ቶድ ታሪክም አለ። ይህኛው አባቱ ቫምፓየር፣ እናቱ ሰው የሆነችን አንድ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል አንሥቶ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በየክፍሉ አንድ አንድ ቅጽ እየሰጠ፣ በአምስት መጻሕፍት ይከተለዋል።

እነዚህን ድርሰቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው ሦስት የጋራ ነገሮች ይታዩታል። አንደኛው ምስጢር ነው፤ ወጣቱ በትውልድም ይሁን በንክሻ ያገኘውን ማንነቱን ከክፍል ጓደኞቹ ይደብቃል። ሁለተኛው ማዕድ ነው። «ትዋይላይት» ውስጥ የቫምፓየሩ ቤተሰብ ልጆች በትምህርት ቤቱ የምግብ አዳራሽ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ምግብ ቀርቦላቸውም አይበሉም። ቭላድሚር ቶድ ደግሞ ነርስ ከሆነችው አሳዳጊው የሚቀርብለት ደም በምግቡ ውስጥ ተደብቆ ነው። ሦስተኛው ጥርጣሬ ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይጠረጥራል፤ ይከታተላል፤ ማስረጃ ይሰበስባል፤ በመጨረሻም ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ይገኛል። የአንባቢው ደስታ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ከሦስተኛው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሚጠረጥር ሰው ምንጊዜም ትክክል ነው።

ይህን ነጥብ በአእምሯችሁ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ የክርክሬ መደምደሚያ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

ከመቃብር ወደ ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ክፍል

ዛሬ የተሰበሰብንበት ሰፈር ቡልጋሪያ የተባለው በቡልጋሪያ ኤምባሲ ምክንያት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የስሙ ባለቤት የሆነችው አገር ራሷ የቫምፓየር እምነት ከተስፋፋባቸው የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ አገሮች አንዷ ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. ሶዞፖል በተባለችው የጥቁር ባሕር ከተማ ደረታቸው በብረት የተወጋ የመካከለኛው ዘመን አፅሞች ተገኝተው ለዓለም መታየታቸው ይታወሳል። ሟቹ ተመልሶ እንዳይነሣ በመፍራት የተደረገ ነው ተብሎ ተተርጉሟል።

ቫምፓየር የሚለው ስም በምዕራብ አውሮፓ የጋዜጣ ወሬ የሆነው በ1732 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ የሰርቢያ አንድ ክፍል በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበር። ሜድቬጃ በተባለች መንደር በተከታታይ የሞቱ ሰዎችን ጉዳይ እንዲያጣሩ የተላኩ የጦር ሠራዊት ሐኪሞች መቃብር አስከፍተው ሬሳዎችን መረመሩ፤ ያዩትንም በዝርዝር ጽፈው ለመንግሥት አቀረቡ። ጽሑፉ በየከተማው ተባዝቶ ተነበበ። ከሃያ ሦስት ዓመታት በኋላ፣ በ1755 እ.ኤ.አ.፣ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪማቸውን ጌራርድ ቫን ስዊተንን አማክረው፣ በዚህ ምክንያት መቃብር መክፈትና ሬሳ ማቃጠልን ከለከሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። በመንደሩ እምነት ቫምፓየር የሚባለው ተራ ገበሬ ወይም ተራ ወታደር ነበር፤ ክሱ የሚቀርብበትም የሞተ ሰው ነበር። የሟቹ ቤተሰብ በእርግጥ ኀፍረትና ሐዘን ይደርስበታል፤ ነገር ግን በደረቱ ላይ ካስማ የሚተከልበት ሰው አይሰማውም።

ይህን የመንደር ሬሳ መኳንንት ያደረገው ሥነ ጽሑፍ ነው። የሎርድ ባይረን ሐኪም የነበረው ጆን ፖሊዶሪ በ1819 እ.ኤ.አ. በታተመው አጭር ድርሰቱ ቫምፓየሩን ሎርድ አደረገው። በ1872 እ.ኤ.አ. የሸሪዳን ለ ፋኑ «ካርሚላ» በግንብ ቤት የምትኖር የመኳንንት ዘር ሆና መጣች። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ብራም ስቶከር ያሳተመው «ድራኩላ» ደግሞ ባለ ማዕረግ፣ ባለ ርስት፣ ባለ ግንብ ነው። ካርል ማርክስ በ1867 እ.ኤ.አ. በወጣው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ ካፒታልን ከቫምፓየር ጋር ማመሳሰል የቻለው ምስሉ በዚያን ጊዜ ከታች ያለውን የሚመጥ የበላይ ምስል ሆኖ ስለተዘጋጀለት ነው።

በ1976 እ.ኤ.አ. አን ራይስ ባሳተመችው ልቦለድ ቫምፓየሩ ራሱ ተራኪ ሆነ። ሲፈራ የኖረው ፍጡር ስለ ብቸኝነቱና ስለ ጸጸቱ መናገር ጀመረ። የወጣቶቹ ተከታታይ ልቦለዶች የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው። የመንደር ሬሳ ጌታ ሆነ፤ ጌታው ተናጋሪ ሆነ፤ ተናጋሪው ደብተር ይዞ ክፍል ገባ። ይህ ሁሉ ጉዞ ያለ ጉዳት ሊፈጸም የቻለው «እኔ ቫምፓየር ተብዬ ተበድያለሁ» ብሎ የሚነሣ ሕያው ማኅበረሰብ ባለመኖሩ ነው።

አውሮፓ በሕያዋን ላይ የተነሣ የደም ክስ አልነበራትም ማለት ግን አይደለም። አይሁድ የክርስቲያን ልጆችን ደም ለበዓላቸው ይጠቀማሉ የሚለው የሐሰት ክስ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው አስገድሏል። በ1475 እ.ኤ.አ. በትሬንት ከተማ አንድ ሕፃን ሞቶ በመገኘቱ የከተማዋ አይሁድ ተሠቃይተው ተገድለዋል። በዚህ ክስ ላይ የተመሠረተ፣ «በእርግጥም ደም ይጠጣ ነበር» ብሎ የሚጨርስ የትምህርት ቤት የፍቅር ልቦለድ ዛሬ ቢጻፍ ማንም በደስታ አይቀበለውም። የተማሪዎቼን ጥያቄ ለመመለስ የእኛን ቡዳ ማነጻጸር ያለብን ከዚህኛው ክስ ጋር ነው፤ ከድራኩላ ጋር ሲነጻጸር የሚሳሳት የሚመስለን ንጽጽሩ እንጂ እምነቱ አይደለም።

ቡዳ የተባለው ማን ነበር?

የቡዳን እምነት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡዳ በዐይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ የበላው ሰው ይታመማል፤ የታመመው ጢስ እየታጠነ «ማነህ? ተናገር!» እየተባለ ይመረመራል፤ በለፈለፈም ጊዜ የአንድ ሰው ስም ይጠራል። የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ እንደ ባሪያ ያሠራዋል የሚል እምነትም አለ። የታሪክ ባለሙያን የሚመለከተው ጥያቄ በዚያ ሰዓት የሚጠራው ስም የማን ነው የሚለው ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች መልሱን በአንድ ድምፅ ሰጥተውናል። በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን የኖረው ናታኒኤል ፒርስ፣ ከእርሱም በኋላ በ1853 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ያሳተመው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ቡዳ የሚባሉት በተለይ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መሆናቸውን ጽፈዋል። ጉትቻ በጆሮው ያለ ጅብ ታየ የሚለውን ወሬም መዝግበዋል። በሃያኛው መቶ ዓመት በመንዝ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የመንዝ ሰው ኅብረተሰቡን «ጨዋ» እና «ቡዳ» ብሎ በሁለት እንደሚከፍል አሳይቷል። ጨዋው ባለ ርስት ገበሬ ነው፤ ቡዳ የሚባለው ርስት የሌለው የእጅ ባለሙያ ነው። በጣና ዳርቻ በዘጌ ያጠናው ቶም ቦይልስተን ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ጉዳዩን ከባርነት ታሪክ፣ ከገበያና አብሮ ከመብላት ሥርዓት ጋር አያይዞ ተንትኖታል።

የቤተ እስራኤል ታሪክ የዚህ ሁሉ ጉልህ ምሳሌ ነው። በአፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1430 እ.ኤ.አ.) ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደነገገ የሚል ትውፊት አለ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኩሪን እንዳሳየው፣ ርስት ማጣቱ በረጅም ጊዜ ሂደት ሕዝቡን ወደ ብረት ሥራ፣ ወደ ሸክላና ወደ ግንባታ ሥራ ገፋው። የጎንደር አካባቢ ገበሬ ማረሻውን የሚያሠራው፣ ምጣዱንና ማሰሮውን የሚገዛው ከእነርሱ ነበር። ያለ እነርሱ ማረስም መጋገርም አይችልም፤ ከእነርሱ ጋር ግን አይበላም፤ አይጋባም። ሀጋር ሳላሞን በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ዘንድ እንዴት እንደሚታዩ ያጠናችበትን መጽሐፏን «የጅብ ሕዝብ» የሚል ርእስ የሰጠችው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ድራኩላ መሬት አለው፤ ቡዳ የሚባለው ሰው መሬት የለውም። ድራኩላን የሚፈሩት ከበታቹ ያሉት ናቸው፤ ቡዳን የሚፈሩት ግን ከበላዩ ያሉት ናቸው። በማርክስ ምስል ቫምፓየሩ የሌላውን ድካም የሚመጥ ነው፤ በእኛ አገር ግን የሚደክመው፣ ማረሻ የሚሠራው፣ እንስራ የሚቀርጸው ሰው ነው «በላኝ» የተባለው። ሙት አስነሥቶ ያሠራል እየተባለ የሚከሰሰውም ባሪያ የማሳደር አቅም ያልነበረው ድኃ ነው፤ ከሳሹ ግን ብዙ ጊዜ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ፍርሃቱ የማንን ሥራ በማን ላይ እንደሚለጥፍ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ይህ ምስል በአገራችን አንድ ጊዜ ተገልብጦ ነበር። በ1966ቱ አብዮት ዘመን «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል የባላባትና የበዝባዥ መጠሪያ ሆነ። የፖለቲካው ቋንቋ ሳያስበው ከአውሮፓው ልቦለድ ጋር ገጠመ፤ ደም የሚመጥ ከላይ ያለው ነው አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ርስት ያልነበራቸውን የእጅ ባለሙያዎች፣ ቤተ እስራኤልን ጨምሮ፣ የመሬት ተጠቃሚ የመሆን መብት ሰጣቸው። ያ ዘመን በስሙ ብዙ ደም የፈሰሰበት መሆኑን ሳንዘነጋ፣ አዋጁ የቡዳን ስም ከተሸከሙት ምሰሶዎች አንዱን እንደመታ መናገር ተገቢ ነው። ሌላው ምሰሶ፣ የማዕድና የጋብቻው፣ በአዋጅ የሚፈርስ አልነበረም።

አዋጁና አግዳሚው

የአዋጅን አቅም ከዚያ በፊትም ያየንበት ጊዜ አለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ የተሳደበ እንደሚቀጣም አስታውቀዋል። አዋጁ ሥራን በማክበር ካልሆነ አገር እንደማይለማ የተረዳ ንጉሥ ቃል ነው። ይሁን እንጂ የከለከለው ስድቡን ነው፤ ስድቡን ያቆመውን የርስት ሥርዓት አልነካም።

በዚሁ ሰሞን፣ በ1901 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ስለነበሩ ትምህርት ቤቱ በዚያን ጊዜ የሸክላ ሠሪን ልጅ ከባለ ርስት ልጅ ጋር አቀመጠ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት በባሕርዩ አንድ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ አግዳሚ ወንበር። በአግዳሚው ላይ ተማሪ የሚቀመጠው በክፍሉና በቁመቱ ነው፤ የአባቱ ሥራ አይጠየቅም። ትምህርት በተስፋፋ ቁጥርም በመንደር አብረው የማይበሉ ቤተሰቦች ልጆች አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይዘው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

አግዳሚው ብቻውን ሁሉን አላስተካከለም። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙ የእጅ ባለሙያና የአዳኝ ማኅበረሰቦችን ያጠኑት ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጁት መጽሐፍ፣ በማዕድ፣ በጋብቻ፣ በቀብርና በቤት መግባት ላይ የነበረውን ክልከላ በዝርዝር አሳይቷል። በከፋ የሚኖሩ የማንጆ ልጆች በትምህርት ቤት ስለገጠማቸው መገለልም በልዩ ልዩ ጥናቶች ተመዝግቧል። የቫምፓየሩ ተማሪ በምግብ አዳራሽ ለብቻው የሚቀመጠው ምስጢሩን ለመጠበቅ ሲል ነው። የማንጆው ልጅ ለብቻው የሚቀመጠው ሌሎቹ ስለሚሸሹት ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም አንድ ሥዕል ናቸው፤ ጠጋ ብሎ ላየ ግን ወንበሩን ያራቀው ሌላ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷን ታሪክ ጨመረች። ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ ያለውን ሰፈር ውሰዱ። ካዛንቺስ ስሙ የጣልያን ነው፤ በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሰፈር ከየአገሩ የመጣ ሰው ተደባልቆ የሚኖርበት ስለሆነ፣ በመንደር የታወቀው የዘር ቆጠራ እዚህ ማስረጃ ያጥረዋል። የጎረቤቱን አያት የሚያውቅ ጥቂት ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት በዚህ ረገድ ሁለት ጊዜ ሊነበብ ይገባዋል። ተረቱ የሚነገረው ማንነቱን ደብቆ ክብር የሚሻን ሰው ለማላገጥ ነው። ጅብ ተብሎ ለኖረ ሰው ግን የማያውቁት አገር ቁርበት ተነጥፎለት የሚቀመጥበት ብቸኛው አገር ሊሆን ይችላል። ከተማና ትምህርት ቤት ለብዙ የእጅ ባለሙያ ልጆች ያ አገር ሆነዋል።

በዚያ አገር ዝምታ የሚከፈል ዋጋ ነው። የአያቱን ሙያ የማይናገር፣ የትውልድ መንደሩን ስም በወረዳው ስም የሚሸፍን፣ ለጋብቻ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ «ዘሩ ይጣራ» እንዳይባል የሚጨነቅ ወጣት ምስጢር አለው። ይህ ምስጢር ከቭላድሚር ቶድ ምስጢር ጋር በቅርጹ አንድ ነው። ለዚህም ነው ተማሪዎቼ ጥያቄውን ሲያነሡ መመሳሰሉ የታያቸው፤ ዐይናቸው አልሳተም።

የደሙ ጉዳይ

ወደ መደምደሚያዬ ከመሄዴ በፊት የአንድ ማኅበረሰብ ታሪክ ከደም ጋር ያደረገውን ጉዞ ላስታውሳችሁ። በ1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን በተጓጓዙበት የሰሎሞን ዘመቻ፣ አብዛኛው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄደ። ቡዳ የሚለው ስም እዚያ ትርጉም አልነበረውም። በጥር 1988 ዓ.ም. ግን አንድ ጋዜጣ፣ የአገሪቱ የደም ባንክ ኢትዮጵያውያን አይሁድ የሚለግሱትን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ መኖሩን ገለጠ። የተሰጠው ምክንያት በቫይረስ የመያዝ ሥጋት ነው የሚል ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ።

በአንዱ አገር የሰው ደም ይበላሉ ተብለው የኖሩ ሰዎች፣ በሌላው አገር ደማቸውን በፈቃዳቸው ሰጥተው ተደፋባቸው። ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ዓይነት እምነት የተፈጸሙ አይደሉም፤ አንዱ የመንደር ፍርሃት፣ ሌላው የመሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው። የሚያገናኛቸው ግን አለ። በሁለቱም ጉዳይ ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል አልተጠየቀም፤ ከእርሱ አስቀድሞ ስለ እርሱ የታወቀ ነገር አለ ተብሎ ታምኗል።

ልቦለዱ እንዴት ሊጻፍ ይችላል?

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። የእኛ «ቡዳ ተማሪ» ተከታታይ ልቦለድ ለምን የለም?

የመጀመሪያው ምላሽ የችሎታ ወይም የገበያ ጉዳይ ነው የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ አያስኬድም። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እና ተከታዮቹ፣ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» እና ተከታዮቹ የአማርኛ አንባቢ ምስጢር ያለበትን ተከታታይ ታሪክ በጉጉት እንደሚጠብቅ አስመስክረዋል። ችግሩ ያለው በታሪኩ አወቃቀር ውስጥ ነው። በመግቢያዬ እንዳልኩት የቫምፓየር ልቦለድ ጥርጣሬን እውነት አድርጎ ይጨርሳል። ጓደኞቹ ጠረጠሩ፤ እርሱም በእርግጥ ቫምፓየር ነበር። ደራሲው ቫምፓየሩን ደግ፣ ቆንጆና አፍቃሪ ሊያደርገው ይችላል፤ ጥርጣሬውን ግን ሐሰት ሊያደርገው አይችልም፤ ልቦለዱ ይፈርስበታልና።

ይህን አወቃቀር እንዳለ አንሥተን በአንድ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ላይ ብናኖረውስ? ልጁ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ይማራል፤ ይጠረጠራል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ በእርግጥም ሌሊት ጅብ እንደሚሆን ይገለጣል። ደራሲው የቱንም ያህል ቢያዝንለት፣ ጀግና ቢያደርገው፣ ፍቅር ቢያሲዘው፣ የጻፈው በሕያዋን ሰዎች ላይ የተነሣውን ክስ የሚያጸድቅ ፍርድ ነው። በሚቀጥለው ቀን መጽሐፉን ያነበበ ተማሪ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ አያት ሥራ ቢጠይቅ ልቦለዱ ያስተማረውን መፈጸሙ ነው። ርኅራኄ ብቻውን ከዚህ አያድንም። ለተከሰሰ ንጹሕ ሰው የሚያስፈልገው የይቅርታ ዓይን አይደለም፤ ክሱ መሠረት የሌለው መሆኑ እንዲነገርለት ነው።

ስለዚህ የእኛ ታሪክ መጨረሻው ሌላ መሆን ይኖርበታል። ልጁ ምስጢር አለው፤ ምስጢሩም ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም። የሚጠረጥሩት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸው ግን ወንበር ያርቃል፣ ማዕድ ይለያል፣ ጋብቻ ያፈርሳል። እውነት ያልሆነ ነገር እውነተኛ ውጤት ሲያስከትል ማሳየት ከጥርስና ከካስማ የማያንስ አስፈሪ ታሪክ ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ። የታመመ ሰው ጢስ እየታጠነ ስም ሲጠራ፣ የተጠራው ልጅ ከደጅ ቆሞ የሚሰማበትን ሌሊት አስቡት። ተራኪው ያ ልጅ ቢሆን አን ራይስ ለቫምፓየሩ የሰጠችውን ድምፅ በእውነት ለሚገባው ሰው ሰጠን ማለት ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ትምህርት ድርሻ ይመጣል። እስካሁን የጠቀስኳቸው ምንጮች በአብዛኛው የከሳሹን ድምፅ የያዙ መሆናቸውን አስተውላችሁ ይሆናል። ፒርስና ፓርኪንስ የጻፉት ከመሳፍንት፣ ከወታደርና ከገበሬ የሰሙትን ነው። አዋጁ የንጉሥ ነው። ሬሚኒክ የጨዋውን አመለካከት በጥሩ ሁኔታ አብራርቷል። ሸክላ ሠሪዋ ስለ ጨዋው ምን ትል እንደነበር፣ ማታ ማታ ለልጆቿ ምን ትነግር እንደነበር፣ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ ምን እንዳትናገር ታስጠነቅቃት እንደነበር ግን ከቤት ወደ ቤት ሄዶ፣ በፈቃዷና ስሟን ጠብቆ፣ ያዳመጣት ሰው ጥቂት ነው። ደራሲው ልቦለዱን ከመጻፉ በፊት የታሪክ ተማሪው ያን ድምፅ መመዝገብ አለበት።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ «ቡዳ አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ጥያቄ እንድትተዉት እመክራለሁ። በእርሱ ምትክ መቼ፣ ማን፣ ማንን፣ በምን ሰበብ ቡዳ አለው ብላችሁ ጠይቁ። ድርቅ በነበረበት ዓመት ነውን? መሬት በተከፋፈለ ማግስት ነውን? የሸማኔው ልጅ ከገበሬው ልጅ የተሻለ ውጤት ባመጣበት ዓመት ነውን? ክሱ ቀን አለው፤ ቦታ አለው፤ ተጠቃሚ አለው። እነዚህ ሲታወቁ እምነቱ ከጨለማ ወጥቶ ታሪክ ይሆናል።

ቫምፓየሩ ተማሪ በሌላ አገር ቋንቋ ብዙ ወጣቶችን አጽናንቷል፤ ከሌላው የተለየ የመሰለው ልጅ በእርሱ ውስጥ ራሱን አይቷል። ይህን አልነቅፍም፤ ተማሪዎቼ እንዲያነቡትም አልከለክልም። በእኛ ክፍል ውስጥ ግን ያለ ጥርስና ያለ ካባ የተቀመጠ፣ ማንንም ያልበላ፣ ይልቁንም አያቶቹ የሠሩትን ማረሻ፣ ምጣድና ሸማ ስንጠቀም የኖርንበት ልጅ አለ። የእርሱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከመካከላችሁ እንደሚነሣ ተስፋ አደርጋለሁ።